የታሪክ ማስታወሻ፦ ሬምብራንትና ቶሎ የሚያረጀው ሰሌዳ

የዛሬው ማስታወሻችን ወደ አምስተርዳም ይወስደናል። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1653 ነው። ሠዓሊው ሬምብራንት ቁመቱ 38፣ ወርዱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ስቅለትን እየሠራ ነው። ሥራው ዛሬ «ሦስቱ መስቀሎች» በመባል ይታወቃል።

ሬምብራንት ከዚያ በፊት በአብዛኛው በአሲድ ነበር የሚሠራው። ሰሌዳውን በሰም መሰል ነገር ይቀባል፣ በላዩ ይሥላል፣ የተጫረውን ቦታ አሲዱ ይበላዋል። በዚህ ሰሌዳ ግን አሲዱን ትቶ በስል መርፌ መዳቡን ራሱን ጫረው። ስልቱ ድራይፖይንት ይባላል። ጀርመናዊው አልብረሽት ዱረር በ1512 ሞክሮት ነበር፤ ሆኖም በዚህ ስልት የሠራቸው ሥዕሎች ጥቂት ናቸው።

ማረሻ አፈሩን ወደ ትልሙ ዳር እንደሚገፋ ሁሉ መርፌውም መዳቡን ወደ ጭረቱ ዳር ይገፋዋል። እዚያ የሚቆመው ሻካራ ጠርዝ ቀለም ይይዛል፤ ሲታተም መስመሩ ደብዘዝ፣ ጥቁረቱም ጠለቅ ይላል። ያ ጠርዝ ግን እጅግ ስስ ነው። ማተሚያው በተጫነው ቁጥር ይደፈጠጣል፣ ቀለም የሚጠርገው ጨርቅም ያሳሳዋል። በአሥሮች የሚቆጠሩ ቅጂዎች ከወጡ በኋላ መስመሩ ይከሳል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሬምብራንት በሰሌዳው አጭር ዕድሜ ውስጥ የሞከረው ነገር ብዛት ነው። አንዳንዱን ቅጂ በብራና ላይ አተመ። የአገራችን ጸሐፍት ብራናን አሳምረው ያውቁታል፤ ቀለምን እንደ ወረቀት አይመጥም። ስለዚህ ቀለሙ ከላይ ቀርቶ ተንሰራፋ፣ መስመሮቹም እርስ በርስ ተዋሐዱ። የሆላንድ ነጋዴዎች ከጃፓን ባመጡት፣ ወርቅማ ቃና ባለው ለስላሳ ወረቀትም ሠራ። ሰሌዳውን ሲጠርግ ደግሞ ቀለሙን ሁሌ እኩል አያነሳውም። አንዱ ቦታ ስስ ሽፋን ይተዋል፣ ሌላውን አጥርቶ ያነጣዋል። በመሆኑም ከአንድ ሰሌዳ የወጡ ሁለት ቅጂዎች ብርሃናቸው ይለያያል።

ከዚያ ሰሌዳው ደከመ። ሌላ አታሚ ቢሆን የከሳውን መስመር መልሶ ያጠነክር ነበር። ሬምብራንት ግን ሥዕሉን ራሱን ለወጠው። በመስቀሉ ሥር ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹን ፍቆ አጠፋ፤ ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ፈረሰኛም ጨመረ። የፈረሰኛው መልክ ጣሊያናዊው ፒሳኔሎ ከሠራው የመስፍኑ ጎንዛጋ ሜዳሊያ የተወሰደ ነው። ከላይ ወደ ታች በከባድ ጭረት ጨለማ አወረደ፤ ከሁለቱ ወንበዴዎች አንዱን ሊውጠው ጥቂት ቀረው። በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ከሰማይ ብርሃን ይወርዳል። በአራተኛው ደረጃ፣ ማለትም ሰሌዳው እንዲህ ከተለወጠ በኋላ በወጣው ኅትመት ግን ወንጌል እንደሚነግረን ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምድርን የሸፈነው ጨለማ ገብቷል። ይህ በእኔ እምነት ጥገና አይደለም፤ ያንኑ ታሪክ ዳግመኛ ማሰብ ነው።

በ1655 ጲላጦስ ክርስቶስን ለሕዝብ ሲያቀርብ በሚያሳየው ሰሌዳም እንዲሁ አደረገ። የጃፓኑ ወረቀት አልበቃ ቢለው ቁራጭ ቀጠለበት፣ በኋላም ሰሌዳውን ቆርጦ አሳነሰው። በመጨረሻም ከፊት የቆመውን ሕዝብ ፍቆ በቦታው ሁለት ጥቁር ቅስቶች አስገባ።

የ«ሦስቱ መስቀሎች» ቅጂዎች በአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየምና በለንደኑ ብሪትሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ዕድሉን ያገኘ አድማጭ አንደኛውንና አራተኛውን ደረጃ ጎን ለጎን ይመልከት።