የቫልዶኮ ልጆች ስንብት

ጁን 24 ቀን 1870 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥቂት ጎልማሶች በሰሜን ኢጣሊያ ቱሪን ከተማ፣ ቫልዶኮ ወደሚባለው ሰፈር ሄዱ። ያሳደጓቸውን ካህን ጆቫኒ ቦስኮን (ዶን ቦስኮን) ለስማቸው ቀን እንኳን አደረሰዎ ሊሏቸው ነበር። የያዙት ስጦታ የቡና ስኒ ነው። ከፊት ሆኖ የመራቸው ካርሎ ጋስቲኒ የሚባል መጽሐፍ ጠራዥ ሲሆን፣ እሱም እንደ ሌሎቹ ከካህኑ ቤት ከወጣ ቆይቷል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው የዶን ቦስኮ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው።

የቡና ስኒ ትንሽ ስጦታ ነው። ወዳጅነቱ ግን የተጀመረው ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ዶን ቦስኮ ጢማቸውን ሊላጩ ገብተው ተቀመጡ። አንድ ትንሽ ልጅ ሳሙናውን ይለቀልቃቸው ጀመር። ስሙንና ዕድሜውን፣ ወላጆቹ በሕይወት መኖር አለመኖራቸውን ጠየቁት። ቀጥለውም ምላጩን አንሥቶ ራሱ እንዲላጫቸው አዘዙት። ባለቤቱ ደንግጦ ልጁ ገና ለማጅ መሆኑን ቢናገርም ካህኑ አልሰሙትም። እንደምንም ተላጩ። እሑድ እሑድ ወደ ቫልዶኮ እንዲመጣ ነግረውት ሄዱ። ልጁ ጋስቲኒ ነበር። ኋላ እናቱ ሞታ፣ ከሥራውም ተባርሮ ሲያለቅስ ያገኙትም እሳቸው ናቸው፤ ይዘውት ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በ1849 ጋስቲኒና ጓደኛው ፌሊቼ ሬቪሊዮ በድብቅ ተማከሩ። ከሚበሉት እየቀነሱ፣ የሚደርሳቸውንም ሳንቲም እያጠራቀሙ ለወራት ከቆዩ በኋላ ሁለት የብር ልቦች ገዙ። በስማቸው ቀን ዋዜማ፣ ሌሎቹ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ የዶን ቦስኮን በር አንኳኩተው ሰጧቸው። የራሳቸው የሚባል ነገር የሌላቸው ልጆች ለወራት ሆዳቸውን ከልክለው የገዙት ስጦታ ነው። ዶን ቦስኮ ምን ያህል እንደተነኩ መገመት አያስቸግርም።

ቤቱ ራሱ የድሃ ቤት ነበር። ዶን ቦስኮ የተወለዱት በ1815 በአስቲ ኮረብቶች ካለች የገጠር ቀበሌ ነው። (በአገራችን አቡነ መስያስ እየተባሉ የሚታወቁት ጉሊየልሞ ማሳያም የዚያው የአስቲ አገር ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ስድስት ዓመት ይበልጧቸዋል።) ዶን ቦስኮ ካህን በሆኑበት ዘመን ቱሪን በፋብሪካና በግንባታ ሥራ እየሰፋች ነበር፤ ከየገጠሩ ሥራ ፍለጋ የሚጎርፉ ልጆች በየመንገዱ ያድሩ ነበር። ዶን ቦስኮ በ1846 ቫልዶኮ ላይ አንድ ዳስ መሰል መጋዘን ተከራይተው ልጆቹን ሰበሰቡ። በ1847 በሜይ ወር አንድ ዝናብ ያበሰበሰው የ15 ዓመት ልጅ በራቸው ላይ ቆመ። ከዚያ በፊት ያሳደሯቸው ሌሎች ልጆች አንሶላና ብርድ ልብስ ይዘው ጠፍተውባቸው ነበር። የዶን ቦስኮ እናት ማርጌሪታ ግን ልጁን እሳት አጠገብ አስቀምጠው አደረቁት፣ አበሉት፣ ማዕድ ቤት ውስጥም አነጠፉለት። ከመተኛቱ በፊት ስለ ሥራ፣ ስለ ታማኝነትና ስለ እግዚአብሔር ጥቂት መከሩት። ዶን ቦስኮ በመሠረቱት የሳሌዢያን ማኅበር ቤቶች ሁሉ እስከ ዛሬ ማታ ማታ ለተማሪዎች የሚነገረው አጭር የደኅና እደሩ ቃል ከዚያ ምሽት እንደመጣ ይተረካል።

ከዚያች ማዕድ ቤት አዳሪ ትምህርት ቤት ወጣ። በ1853 የጫማና የልብስ ስፌት ክፍሎች ተከፈቱ፤ የመጽሐፍ ጥረዛው፣ አናጺነቱና ማተሚያ ቤቱ ተከታተሉ፤ የቀለም ትምህርቱም አብሮ አደገ። ዶን ቦስኮ ልጆቹን ወደ ውጭ ቀጣሪ ሲልኩ እንኳ ባዶ እጃቸውን አይሰዷቸውም ነበር። ከ1850ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከአሠሪዎች ጋር የጽሑፍ ውል እየተዋዋሉ ይፈርሙ ነበር፤ ልጁ እንዳይደበደብ፣ ከሙያው ውጭ የቤት አሽከር እንዳይደረግ፣ የእረፍት ቀኑ እንዲከበርለት። ልጆቹ እዚያ ቤት መወደዳቸውን ያወቁት ከቃል ብቻ አልነበረም፤ በፊርማም አይተውታል።

የዚህን ቤት ስንብቶች ሳነብ ከሁሉ የሚበልጥብኝ የዶሜኒኮ ሳቪዮ ነው። ዶሜኒኮ የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ ቫልዶኮ የገባው በ1854 ነው። ሳሉ ጠንቶበት ሐኪሞች ወደ ወላጆቹ እንዲመለስ አዘዙ። እሱ መሄድ አልፈለገም፤ ዕድሜውን እዚያው መፈጸም ይሻ ነበር። ማርች 1 ቀን 1857 አባቱ ሊወስዱት መጡ። ጓደኞቹ ሲከቡት ዶሜኒኮ አንዱን ለይቶ ጠራው፤ ሁለት ሶልዲ ተበድሮት ኖሯል። ሂሳባችንን እንዝጋ፣ አለዚያ እግዚአብሔር ፊት ሂሳቤን ስዘጋ ያስቸግረኛል ብሎ ከፈለው። የቀሩትን አንድ በአንድ ተሰናብቶ ወጣ። በዘጠነኛው ቀን ዐረፈ፤ 15 ዓመት አልሞላውም። በ1954 ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰየመችው። የሕይወት ታሪኩን በ1859 የጻፉት ዶን ቦስኮ ናቸው፤ የሁለቱን ሶልዲ ነገር ሳይተዉ መመዝገባቸው የልጆችን ዓለም ምን ያህል ከቅርብ ያዩ እንደነበር ይነግረናል።

ሳይፈጸም የቀረ ስንብትም ነበር። ጁዜፔ ቡዜቲ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ባልንጀራ ነው፤ ከገጠር የመጣ ግንበኛ። በ1851 ዶን ቦስኮ ረዳት ካህናት ይሆኑኛል ብለው የክህነት ተማሪ ልብስ ካለበሷቸው አራት ልጆች አንዱ እሱ ነበር። ሁለቱ እነዚያ የብር ልብ የገዙት ጋስቲኒና ሬቪሊዮ ናቸው፤ አራተኛው ጃኮሞ ቤሊያ ይባላል። ተስፋው እንዳሰቡት አልሆነም። ጋስቲኒ ወደ ጥረዛው ሄደ። ሬቪሊዮ ካህን ሆነ፤ ግን ያገለገለው ከዚያ ቤት ውጭ በቱሪን ደብር ነው። ቡዜቲ ልብሱን ትቶ በቤቱ ውስጥ ለማንኛውም ሥራ የሚጠራ ሰው ሆነ። ዓመታት ሲያልፉ እሱ ያሳደጋቸው ታናናሾቹ ካህናትና አለቆች ሆኑ፤ እሱ ማንም እንደማይቆጥረው ተሰማው። ከተማ ውስጥ ሥራ አገኘና ሊሰናበት ወደ ዶን ቦስኮ ገባ።

እንግዲህ አንድ አሳዳጊ በዚህ ሰዓት የሚያደርገው ይታወቃል፤ ውለታ ይቆጥራል ወይም ይቆጣል። ዶን ቦስኮ ከሁለቱም አንዱን አላደረጉም። ሥራ በማግኘቱ ደስ አላቸው። መጀመሪያ ላይ ደመወዙ ትንሽ እንደሚሆን፣ የቤት ኪራይም እንደሚያስፈልገው አስበው መሳቢያውን ከፍተው የሚበቃውን እንዲወስድ ነገሩት። ምንጊዜም ሲዋደዱ መኖራቸውን አስታውሰው እንዳይረሳቸው ለመኑት። ቡዜቲ አለቀሰ። አልሄድም አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ቀረ። ወንድሙ ካርሎም ከዚያው ቤት ያደገ ግንበኛ ነው፤ በ1868 የተመረቀውን የቫልዶኮን ትልቁን የእመቤታችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሠራው እሱ ነው።

የቫልዶኮ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ለሚሄደው በሩ ተከፍቶለታል፤ የሚወጣበትም ገንዘብ ጭምር ተሰጥቶታል። ጋስቲኒ ዶን ቦስኮ ያሰቡትን ባይሆንላቸውም ፊታቸው አልጠቆረበትም። ለዚህም ነው ከሃያ ዓመት በኋላ ሰው ሰብስቦ ስኒ ይዞ ለመምጣት ያላፈረው። ከዚያ በኋላ የቀድሞ ልጆች በየዓመቱ እየተሰበሰቡ መምጣት ጀመሩ፤ ዶን ቦስኮም ማዕድ አቀረቡላቸው። የድሃ ልጆች የነበሩ ሰዎች ያደጉበት ገበታ ላይ ሙሉ ሰው ሆነው ተቀመጡ።

ከአብሮ አደጎቹ ስንብት ትልቁ የተደረገው ኖቬምበር 11 ቀን 1875 ነው። አሥር ሳሌዢያኖች ወደ አርጀንቲና ሊሄዱ በዚያው በእመቤታችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቆሙ። መሪያቸው የ37 ዓመቱ ጆቫኒ ካሊዬሮ ነበር፤ በ1851 አባቱ የሞተበት ልጅ ሆኖ ቫልዶኮ የገባ። ዶን ቦስኮ ተጓዦቹን አንድ በአንድ አቀፏቸው። ለእያንዳንዳቸውም 20 ምክሮች የሰፈሩበት ወረቀት ሰጧቸው፤ ምክሮቹን በባቡር ሲጓዙ በእርሳስ በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጽፈዋቸው ነበር። ገንዘብና ክብር እንዳይፈልጉ፣ ለበሽተኛ፣ ለሕፃን፣ ለሽማግሌና ለድሃ እንዲተጉ፣ እርስ በርሳቸውም እንዲዋደዱ ይላል። በዚያም አልበቃቸውም፤ እስከ ጄኖቫ ወደብ አብረው ሄደው ሸኟቸው።

በ1884 ከሮም በጻፉት ደብዳቤ ዶን ቦስኮ አንድ ሕልም ይተርካሉ። ሁለት የቀድሞ ልጆች ይመጡላቸዋል፤ ቫልፍሬ የሚባለውና ያ ለመሄድ ተነሥቶ የቀረው ቡዜቲ። አንዱ የድሮውን የጨዋታ ሜዳ ያሳያቸዋል፤ መምህራንና ልጆች አብረው ይሮጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሌላው የዘመኑን ያሳያቸዋል፤ ልጆቹ ለየብቻ ተኮራምተዋል፣ መምህራኑም ርቀው ቆመዋል። ልጆችን መውደድ ብቻውን እንደማይበቃ፣ መወደዳቸውን ራሳቸው ሊያውቁት እንደሚገባ የሚያሳስበው ቃል የሚገኘው በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ነው። አሳዳጊው ስሕተታቸውን የሰሙት ካሳደጓቸው ልጆች አፍ ነው፤ በሕልም እንኳ ቢሆን።

ሚኬሌ ሩአ የሚባለው ትንሽ ተማሪ በልጅነቱ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሜዳልያ ሊቀበል ቀርቦ አልቆበት ነበር። ዶን ቦስኮ ግራ እጃቸውን ዘርግተው በቀኛቸው የሚቆርጡት መስለው ግማሹን ውሰድ አሉት፤ ሁሉን ነገር እኩል እንደሚካፈሉም ነገሩት። ጃንዋሪ 31 ቀን 1888 ሊነጋጋ ሲል ዶን ቦስኮ በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ ቀኝ እጃቸው ዝሎ አልታዘዝ አላቸው። ሩአ ያችን እጅ አንሥቶ ይዞ የቡራኬውን ቃል እሱ ተናገረላቸው። ከአሜሪካ የተመለሰው ካሊዬሮም አልጋው አጠገብ ነበር። በእሳቸው ወንበር የተቀመጠው ሩአ ሆነ።

የቀድሞ ተማሪዎቹ በ1911 በቱሪን ዓለም አቀፍ ጉባኤ አደረጉ። በ1920 ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ የዶን ቦስኮን ሐውልት አቆሙ።

ሳሌዢያኖች በ1970ዎቹ ወደ አገራችን መጥተው ከመቐለ ጀምረው፣ ኋላም በአዲግራት፣ በዝዋይ፣ በዲላና በአዲስ አበባ አስተምረዋል፤ ብዙ ወጣት ሙያ ይዞ የወጣው ከእነዚህ ቤቶች ነው። ይህን የምታነቡ የእነዚያ ቤቶች ልጆች፣ ወይም ከሌላ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ተመርቃችሁ የተለያያችሁ አብሮ አደጎች፣ መጪው የምረቃ ወቅት ሳያልፍ ተፈላለጉ። ያስተማሯችሁም በሕይወት ሳሉ ተሰብስባችሁ ሂዱላቸው፤ የቡና ስኒም ቢሆን ይዛችሁ።