የጦር መሣሪያ ንግድ ከመኖሪያ ቤት፤ የአሜሪካው ሕግ ምን ይላል?

በአሜሪካ ሽጉጥና ጠመንጃ ለመሸጥ የንግድ ቤት መከራየት የግድ አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከመኖሪያ ቤቱ፣ ከጋራዡ ወይም ከምድር ቤቱ ሆኖ እንዲነግድ ይፈቅዳል። በዚህ መልክ የሚሠሩትን የአገሩ ሰው "የወጥ ቤት ጠረጴዛ ነጋዴዎች" ይላቸዋል። ብዙዎቹ ቀን ሌላ ሥራ ላይ ውለው ማታ ወይም ቅዳሜ ደንበኛ የሚቀበሉ ናቸው። ጉዳዩን ለአዲስ አበባ አንባቢ ማንሳቴ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ እዚያ የሚኖር ዘመድ የሌለው አንባቢ ጥቂት በመሆኑና ሕጉን አለማወቅ እስር ቤት ሊያስገባ በመቻሉ ነው። ሁለተኛው ለሕግ ሰው የሚጥም ነው፤ ማዕከላዊ የመሣሪያ መዝገብ በሕግ የከለከለ መንግሥት መዝገቡን በአንድ ግለሰብ ቤት መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጡ። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው የፌዴራል የመሣሪያ ንግድ ፈቃድ ሕግ የወጣው በ1938 ሲሆን ክፍያው በዓመት 1 ዶላር ነበር። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ በፖስታ ታዝዞ የመጣ መሆኑ ታወቀ። ከዚያም በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ ሲገደሉ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ዛሬም የሥርዓቱ ምሰሶ የሆነው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ወጣ። ከዚህ በኋላ ተራ ሰው ከሌላ ግዛት በፖስታ መሣሪያ ማስመጣት አልቻለም፤ ዕቃው በፈቃድ ባለቤት እጅ ማለፍ አለበት። ክፍያው ግን 10 ዶላር ብቻ ስለነበር ፈቃዱን ለመነገድ ሳይሆን ለራሱ በጅምላ ዋጋ ለመግዛት የሚያወጣው በዛ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለፈቃድ ነጋዴዎቹ ከ240 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር። በ1993 የወጣው የብሬዲ ሕግ ክፍያውን ለሦስት ዓመት 200 ዶላር አደረገው፤ የ1994ቱ ሕግ ደግሞ አሻራና ፎቶግራፍ እንዲቀርብ፣ የአካባቢ ሕግ መከበሩም እንዲረጋገጥ አዘዘ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። በእኔ አስተያየት ይህን ያህል ሕዝብ ከንግዱ ያስወጣው የፖሊስ ዘመቻ ሳይሆን የክፍያው ማደግና የማዘጋጃ ቤት ደንብ ነው።

ዛሬ አመልካቹ 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ማመልከቻውን ከአሻራና ከፎቶ ጋር የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ጉዳዮች ቢሮ ለሚባለው፣ በአጭሩ ኤ.ቲ.ኤፍ ለሚሉት መሥሪያ ቤት ይልካል፤ ቅጂውን ለአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ይሰጣል። ከዚያ መርማሪ ቤቱ ድረስ መጥቶ ያነጋግረዋል፤ መሣሪያው የት እንደሚቀመጥ፣ የሥራ ሰዓቱ መቼ እንደሆነ ይጠይቃል። ማመልከቻው የተሟላ ከሆነ ቢሮው በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ይጸናል፤ ማሳደሻው 90 ዶላር ነው። አሜሪካዊ ዜግነት ግዴታ አይደለም፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል። ለመነገድ ሐሳብ የሌለው፣ ቅርሳ ቅርስ መሣሪያ ብቻ የሚሰበስብ ሰው ሌላ የ30 ዶላር ፈቃድ አለው፤ እሱ ግን መሸጫ ፈቃድ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከፌዴራሉ ደጃፍ ሳይደርስ ነው። የመንደሩ የመሬት አጠቃቀም ደንብ መኖሪያ ቤት ውስጥ መነገድን ከከለከለ የፌዴራሉ ፈቃድ አይሰጥም። የቤት አከራዩ ውል፣ የጋራ መኖሪያ ማኅበሩ ደንብ፣ የቤት መድን ፖሊሲውም ራሳቸውን የቻሉ መሰናክሎች ናቸው። ግዛቶችም የየራሳቸው ተጨማሪ ሕግ አላቸው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ለምሳሌ ሽጉጥ ለመነገድ የግዛቲቱ ፖሊስ ፈቃድም ያስፈልጋል። የዋሽንግተን ዲሲ ታሪክ ደግሞ ለብቻው መነገር ያለበት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 የከተማዋን የሽጉጥ ክልከላ ሲሽር ለነዋሪዎች ሽጉጥ የሚያስተላልፈው ባለፈቃድ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰውየው በ2011 የቢሮ ኪራዩን አጣ፤ ሌላ ቦታ እንዳይከራይም የከተማዋ ደንብ አላላውስ አለው። መብቱ በሕገ መንግሥት ተረጋግጦ፣ መብቱን መጠቀሚያ በር ግን ጠፋ ማለት ነው። መፍትሔው ለሰውየው ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ውስጥ ቢሮ መስጠት ሆነ። በ2020 ሥራውን ሲያቆም ፖሊስ ራሱ ፈቃድ አውጥቶ ተካው።

የቤት ነጋዴው ዋና ገቢ ዕቃ ደርድሮ ከመሸጥ ይልቅ "ማስተላለፍ" ነው። ደንበኛው በኢንተርኔት ከሌላ ግዛት መደብር ይገዛል፤ ዕቃው ወደ ነጋዴው ቤት ይላካል፤ ነጋዴው ወረቀቱን አስሞልቶ ያስረክባል። ለዚህ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዶላር ነው። ሀብታም የሚያደርግ ሥራ እንዳልሆነ አንባቢ ራሱ ማስላት ይችላል።

ኃላፊነቱ ግን ከክፍያው ጋር አይመጣጠንም። ገዢው ቅጽ 4473 የሚባለውን ሞልቶ ይፈርማል። ወንጀለኛ አለመሆኑን፣ ሱሰኛ አለመሆኑን፣ የሚገዛው ለራሱ መሆኑን ያረጋግጣል። ነጋዴው ከ1998 ጀምሮ ኤፍ.ቢ.አይ በዌስት ቨርጂኒያ ወደሚያስተዳድረው የማጣሪያ ማዕከል ይደውላል ወይም በኮምፒውተር ይጠይቃል፤ እንደ ቨርጂኒያ ባሉ ግዛቶች የሚጠየቀው የግዛቱ ፖሊስ ነው። መልሱ ከሦስት አንዱ ይሆናል፤ ቀጥል፣ ቆይ፣ ወይም ተከልክሏል። ችግሩ "ቆይ" የተባለ ዕለት ነው። በፌዴራሉ ሕግ ሦስት የሥራ ቀናት አልፈው ቁርጥ ያለ መልስ ካልመጣ ነጋዴው መሸጥ ይችላል። ከ2022 ወዲህ ገዢው 21 ዓመት ያልሞላው ከሆነ ይህ ጊዜ እስከ 10 የሥራ ቀናት ሊራዘም ይችላል። ሕጉ "ይችላል" ነው የሚለው፤ "አለበት" አይልም። በ2015 በቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ምእመናንን የገደለው ወጣት ሽጉጡን ያገኘው በዚሁ ክፍተት ነው። ማጣሪያው ሳይጠናቀቅ ሦስቱ ቀናት አልፈው ተሸጠለት። ትልቅ መደብር ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ የጽሑፍ መመሪያ ሊኖረው ይችላል። የቤት ነጋዴው ያለው የራሱ ኅሊናና በር ላይ ቆሞ "ቀኑ እኮ አልፏል" የሚለው ጎረቤቱ ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። በ1986 የወጣው ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት የመሣሪያ ባለቤቶችን ማዕከላዊ መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል። ታዲያ ወንጀል የተፈጸመበት ሽጉጥ ሲገኝ የማን እንደነበረ እንዴት ይታወቃል? በማርቲንስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው የኤ.ቲ.ኤፍ መከታተያ ማዕከል በመለያ ቁጥሩ ተነሥቶ አምራቹን ይጠይቃል፤ አምራቹ አከፋፋዩን ይጠቁማል፤ አከፋፋዩ ነጋዴውን። የመጨረሻው ስልክ የሚጮኸው እንግዲህ በዚያ ሰው ቤት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለዚህ የገባው መሣሪያ እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን ማብቂያ፣ የወጣው በሰባት ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አንድ ሰው በአምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ሁለትና ከዚያ በላይ ሽጉጥ ከገዛ ነጋዴው በዕለቱ ሪፖርት ያደርጋል፤ የተሰረቀ ወይም የጠፋ ካለ በ48 ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል። ቅጾቹን ከ20 ዓመት በኋላ ማስወገድ ይፈቀድ ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ግን ንግዱ እስኪዘጋ ድረስ መያዝ ግዴታ ሆኗል።

መዝገቡ ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ ለማየት የ2002ቱን የዋሽንግተን አካባቢ አነጣጣሪ ተኳሾች ማስታወስ ይበቃል። ጠመንጃው የመጣው ታኮማ ከሚገኝ ቡልስ አይ ከተባለ መደብር ነው። መደብሩ መሣሪያው ከእጁ እንዴት እንደወጣ ማስረዳት አልቻለም፤ ከሁለት መቶ በላይ ሌሎች መሣሪያዎችም የት እንደገቡ አልታወቀም። በ2004 መደብሩና አምራቹ ለተጎጂ ቤተሰቦች 2.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በተከታዩ ዓመት ኮንግረስ ነጋዴዎችንና አምራቾችን ከአብዛኛው የፍትሐ ብሔር ክስ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ፤ ሕግ እያወቀ የጣሰ ነጋዴ ግን ከለላው አያድነውም። ፍትሐዊነቱን ለማመን እቸገራለሁ። ቢሆንም ቡልስ አይ መኖሪያ ቤት ሳይሆን ትልቅ መደብር እንደነበር ልብ ይሏል። በ2000 ይፋ የሆነ የኤ.ቲ.ኤፍ ሪፖርት ከወንጀል ጋር ተያይዘው ከተከታተላቸው መሣሪያዎች 57 በመቶው ከ1.2 በመቶ ነጋዴዎች የወጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ጣትን በጅምላ በቤት ነጋዴዎች ላይ መቀሰር ስለዚህ አያስኬድም።

በቤት ለሚሠራው የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ፣ እንደኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26፣ መኖሪያ ቤትን ከፍተሻ ይጠብቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1972 በቢስዌል ጉዳይ የመሣሪያ ነጋዴ የንግድ ቦታ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ሊጎበኝ እንደሚችል ወሰነ። ፈቃዱን የወሰደ ሰው ቁጥጥሩን አውቆ ገብቷል የሚል ነው ምክንያቱ። የ1986ቱ ሕግ መደበኛውን ጉብኝት በ12 ወር አንድ ጊዜ ገደበው፤ ለወንጀል ክትትል የሚደረገው ግን በዚህ አይገደብም። ንግዱ የሚካሄደው መኝታ ቤት አጠገብ ባለ ክፍል ከሆነ መርማሪው የሚመጣው እዚያው ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰቡ አንዱ በወንጀል ተፈርዶበት መሣሪያ መንካት የተከለከለ ከሆነ፣ ከማመልከት በፊት ደጋግሞ ማሰብ ይገባል።

በተግባር መርማሪው ቶሎ ቶሎ አይመጣም። ባለፉት ዓመታት በዓመት የተጎበኙት ባለፈቃዶች ከአስር አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። በ2021 የባይደን አስተዳደር ከባድ ጥሰት የተገኘበትን ነጋዴ ፈቃድ በአንድ ጊዜ የመሰረዝ መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ በሚያዝያ 2025 ተሽሯል። የአንድ ሰው ኑሮ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በመመሪያ ሲገለባበጥ ማየት ለሕግ ባለሙያ ደስ አይልም፤ መመሪያውን የወደደም የጠላም በዚህ ሊስማማ ይገባል።

ለወገኖቻችን የምለው አለኝ። "እኔ ወረቀቴ ስላላለቀ አንተ በስምህ ግዛልኝ፣ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ" የሚል ጥያቄ በእኛ ባህል ቀላል ውለታ ይመስላል። በአሜሪካ ወንጀል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በአብራምስኪ ጉዳይ፣ እውነተኛው ገዢ ራሱ መግዛት የሚችል ሰው ቢሆን እንኳ ቅጹ ላይ "ለራሴ ነው" ብሎ መፈረም ሐሰት ነው ብሏል። መግዛት ለተከለከለ ሰው ከሆነ ደግሞ በ2022ቱ ሕግ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። የነጋዴነት ፈቃዱ መሣሪያ ወደ ውጭ አገር የመላክ መብትም አይሰጥም፤ ለዚያ ከንግድ መሥሪያ ቤቱ የተለየ የኤክስፖርት ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደ ኢትዮጵያ ከሆነ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከፊት ይጠብቃል።

ንግዱን የሚዘጋ ሰው መዝገቦቹን በሙሉ በ30 ቀን ውስጥ ማስረከብ አለበት፤ ማርቲንስበርግ ገብተው በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ገጾች ጋር ይቀላቀላሉ። በስም መፈለግ እንዳይቻል ሆነው በምስል ብቻ ነው የሚቀመጡት። ነጋዴው ከሞተ የትዳር ጓደኛው ወይም ልጁ ፈቃዱን በ30 ቀን ውስጥ ለኤ.ቲ.ኤፍ አቅርቦ ካስመዘገበ ለቀረው ጊዜ በዚያው ፈቃድ ንግዱን ማስቀጠል ይችላል። የመከታተያ ማዕከሉ ስልክም ከዚያ በኋላ የሚጮኸው ለወራሹ ነው።