ሾንኬ፦ ተራራ ላይ የቀረ ቋንቋ

«ቦሪ ያሉት ልጆቻችን አማርኛ ይጠፋባቸው ይሆን?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። የታሪክ መምህር ነኝና መልሴ በሾንኬ በኩል ይዞራል፤ ታገሱኝ።

ሾንኬ በዳዋ ጨፋ ወረዳ፣ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ተራራ አናት ላይ ያለች የአርጎባ መንደር ናት። አገር ቤት ሳስተምር ሄጄ አይቻታለሁ። ዳገቱ ጉልበት ይፈታል። ላይ ስትደርሱ የድንጋይ ቤቶቹ ተጠጋግተው ከገደሉ ጋር ተጣብቀዋል፤ ከሩቅ ቤቱን ከዓለቱ መለየት ያስቸግራል። ሽማግሌዎቹ ዕድሜዋን ከ900 ዓመት በላይ ያደርሱታል። ከላይ የሰፈሩት ለምን ነው ብትሉ፣ አንደኛ ጠላት ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፤ ሁለተኛ የቦርከናን ሜዳ ወባ ይሸሻሉ፤ ለም መሬቱም ለእርሻ ይተርፋል።

መንደሯን ስመ ጥር ያደረጓት ሼህ ጀውሃር ቢን ሐይደር ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ተወልደው እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን የኖሩ ታላቅ ዓሊም ናቸው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሣ ሲሉት ሼሁ ጎልማሳ ነበሩ። ያ ሁሉ አልፎ ሾንኬ ዛሬም የዚያራ ቦታ ናት።

«አርጎባ» የሚለው ስም «ዐረብ ገባ» ከሚለው የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ አልተዋጠልኝም። ቋንቋው የአማርኛ የቅርብ ዘመድ እንጂ ዐረብኛ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ አርጎባ ነኝ ያለው ከ60 ሺህ በላይ ሲሆን፣ በአርጎብኛ አፉን የፈታው ግን 11 ሺህ ገደማ ነበር። በአንኮበር በኩል ያሉትም አርጎቦች ተራራ ላይ ነው የኖሩት፤ ቋንቋቸው ግን በአብዛኛው አማርኛ ሆኗል። ስለዚህ ተራራው ብቻውን አላዳነውም። ሾንኬና ጎረቤቷ ጦልሓ ገበያ ወርደው ኦሮምኛና አማርኛ እየተናገሩ፣ ቤት ሲገቡ ወደ አርጎብኛ ስለተመለሱ ይመስለኛል።

እዚህም ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ፣ በሰፈር ቦረንኛ ይልመዱ፤ ያስፈልጋቸዋል። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ፊደል ማስተማር እጀምራለሁ። ደብተርና እርሳስ አስይዛችሁ ላኩልኝ። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶች ደግሞ የአያቶችን ተረት በስልክ ቀድታችሁ ላኩልን፤ መማሪያ አደርገዋለሁ።