መተማ እንደ ብሔራዊ ምልክት

ማንኛውም ሕዝብ የአባቶቹን ታሪክ በሙሉ በቃሉ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ከብዙው ጥቂቱን፥ ማለት አንድ ሰንደቅ ዓላማ፥ አንድ የጦር ሜዳ፥ አንድ የጀግና ስም መርጦ የቀረውን ሁሉ በዚያ ያስታውሳል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው መተማ በኢትዮጵያ ታሪክ እንዲህ ያለ ምልክት የሆነችበትን መንገድ ነው። ጥያቄያችን ሁለት ነው። አንደኛ፥ ምልክቱ የቆመበት ታሪክ ምንድን ነው? ሁለተኛ፥ ምልክቱ ከታሪኩ ውስጥ ምን ትቶ አለፈ?

ለማነጻጸሪያ ያህል የአሜሪካንን ነገር እናንሣ። የአሜሪካ ኮንግሬስ ስለ ሰንደቅ ዓላማው የወሰነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1777 ነው። ሰንደቁን መጀመሪያ የሰፋችው ቤትሲ ሮስ ናት የሚለው ታሪክ ግን በአደባባይ የተነገረው በ1870 በልጅ ልጇ አፍ ሲሆን፥ በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ አልተገኘለትም። በ1814 በባልቲሞር ምሽግ ላይ ሲውለበለብ ስለ ታየው ሰንደቅ የተደረሰው መዝሙርም ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ የታወጀው በ1931 ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ድርጊቱ በአንድ ቀን ይፈጸማል፤ ምልክቱ ግን በኋለኛው ትውልድ እጅ ቀስ እያለ ይሠራል።

መተማ የጦር ሜዳ ከመሆኗ በፊት የገበያ ከተማ ነበረች። ከጎንደር በጭልጋ በኩል ወደ ቆላ የሚወርደው የነጋዴ መንገድ ወደ ሱዳን የሚሻገረው በእርሷ ነበር። ከደጋው ቡና፥ ሰምና ወርቅ፥ እንደዚያ ዘመን ክፉ ልማድም ባሪያ ይወርድባታል፤ ከቆላው ደግሞ ጥጥ ይወጣል። ከምዕራብ ተነሥተው ወደ መካ ሲመላለሱ በዚያ የሰፈሩ ተክሩሮች፥ የሱዳን ዐረቦችና የጎንደር ነጋዴዎች፥ እስላሙም ክርስቲያኑም፥ በአንድ ገበያ ይገናኙባት ነበር።

ወደ ጦርነቱ የመራው ነገር ከሩቅ የመጣ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል አድርገው ነበር። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ግን የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ዐድዋ መጥቶ ውል ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት ቦጎስ ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በደርቡሾች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው በኩል እንዲወጡ ይረዳሉ። ኢትዮጵያ ቃሏን ጠበቀች። ያተረፈችው ግን በምዕራብ የደርቡሾችን ጠላትነት ነው፤ በሰሜንም ውሉ ዓመት ሳይሞላው በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣሊያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘች። ከዚያ ወዲያ ንጉሠ ነገሥቱ ፊታቸውን ወደ ሁለት አቅጣጫ ማዞር ግድ ሆነባቸው።

በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በደምቢያ ሳር ውኃ ላይ በሐምዳን አቡ ዓንጃ ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች፥ አብያተ ክርስቲያናቷም ተዘረፉ። ዐፄ ዮሐንስ በዚህ ጊዜ ከንጉሥ ምኒልክና ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ተቃቅረው ስለ ነበረ አገሩ በውስጥም የተከፈለ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በመተማ የእሾህ አጥር ውስጥ የመሸገውን የዘኪ ቱማልን ጦር ገጠመ። አጥሩን ሰብሮ ገብቶ ድሉ ወደ እርሱ ካዘነበለ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቈሰሉ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ። እርሳቸውም ራስ መንገሻን ወራሽ እንዲሆኑ ተናዝረው ዐረፉ። ሬሳቸውን ይዞ የሚመለሰውን ጦር ደርቡሾች አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት፤ ራስ አርአያም ሬሳውን ሲጠብቁ ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቈርጦ ወደ ኡምዱርማን ተወሰደ።

ምልክቱ የተሠራው ከዚህ መጨረሻ ነው። ስለ አገሩና ስለ ሃይማኖቱ አንገቱን የሰጠ ንጉሥ የሚለው ሥዕል እውነተኛ ነው፤ ከተማዋም ዛሬ መተማ ዮሐንስ ስትባል ስሙ በስሟ ውስጥ ይሰማል። ነገር ግን ሥዕሉ ትቶ የሚያልፈው ብዙ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በፊት ለአቡ ዓንጃ የሰላም ደብዳቤ ልከው፥ እርስ በርስ ከመተላለቅ ይልቅ የሁለታችንም ጠላት በሆነው በአውሮፓዊው ላይ እንተባበር የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ የተመለሰላቸው ግን ስድብ ነው። እንግዲህ መተማን የክርስቲያንና የእስላም ጦርነት ብቻ አድርጎ መቍጠር የራሳቸውን የንጉሡን ሐሳብ ማሳነስ ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ እስላሞች በግድ እንዲጠመቁ መታዘዙን የሚያስታውስ ቤተሰብ የዐፄ ዮሐንስን ስም የሚሰማው በሌላ ጆሮ ነው። አንድ ምልክት የአገር ሁሉ ይሁን ከተባለ ይህም ሊነገርበት ይገባል።

የሞታቸው ውጤት ፈጥኖ ታየ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ኢጣሊያኖች አሥመራን ያዙ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የወሰን ውል ደግሞ ጋላባት ለሱዳን፥ መተማ ለኢትዮጵያ ሆኑ፤ አንዱ ገበያ በሁለት መንግሥት ተከፈለ። ከመተማ ወደ ደቡብ በዚሁ ወሰን ላይ በምትገኘው በኦሜድላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ሲገቡ አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። በአንድ ወሰን ላይ አንዱ ንጉሠ ነገሥት ወደቁ፤ ሌላው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሰንደቅ ተከሉ። ሁለቱ ነገሮች በሕዝብ አእምሮ መገናኘታቸው አያስደንቅም።

የታሪክ ተማሪ ሥራ ምልክትን ማፍረስ አይደለም፤ የጐደለውን መሙላት ነው። የአማርኛውን ዜና መዋዕል ከደርቡሾች የዐረብኛ ደብዳቤዎች ጋር አስተያይቶ ማንበብ፥ በጭልጋና በመተማ በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት የሚነገረውን ቃል መሰብሰብ ለዚህ ይረዳል። የመተማ ገበያ የሞላው ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ በነበሩ ሰዎች እንደ ነበረ ሁሉ፥ ታሪኳም ያለ ሁለቱ ወገን ምስክርነት አይሞላም።