ሐይቅ የሚድነው ከዳገቱ ነው

ስሙኝማ ወገኖቼ! የሞጣም የቢቸናም ሰዎች፣ ከዓባይ ማዶ ያላችሁም የእንዳቤት ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ስለታመመ ሐይቅና ስለ መዳኑ ነው። ወሬው ግን ከድልድይ ይነሣል።

ሰባራ ድልድይን ታውቁታላችሁ። በአፄዎቹ ዘመን ዓባይ ላይ በድንጋይና በኖራ ታንጾ ጎጃምንና በጌምድርን ሲያገናኝ ኖረ። ጣሊያን ሲመጣ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር ቅስቱን አፈረሱበት። ከዚያ ወዲያ ሰው በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው። የተጠገነው በ1994 ዓ.ም. ነው፤ ጥገናውንም ጎርፍ ወሰደውና ኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ።

ከዚያ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ ከጣና የወረደ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ የሚባለው አረም ታየበት። ሕዝቡ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ማሽንም ገባ። የነቀሉትን ሰዎች ድካም ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። አረሙ ግን ይመለሳል! ዘሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ይቆያል። ቀለቡንም ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ በየክረምቱ ከማሳው ጠርገው ያመጡለታል፤ የከተማው ፍሳሽ ይጨምርለታል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ነገሩ የእኛንም ማሳ ይነካል። በደጋው ዝናቡ ብዙ ነው። አፈሩን እያጠበ ካልሲየሙን ሲወስድበት መሬቱ አሲዳማ ይሆናል። አሲዳማ አፈር ደግሞ የማዳበሪያውን ፎስፈረስ ይዞ አይለቅም። ገበሬው ተበድሮ የገዛውን ማዳበሪያ ይበትናል፣ ስንዴው ግን አያገኘውም። ጎርፍ ሲመጣ አፈሩ ፎስፈረሱን እንደያዘ ይወርዳል። ሐይቅ ውስጥ ይተኛል፤ ነፋስ ጭቃውን ሲያናውጠው፣ አየር ሲያጥረውም እየተፈታ አረሙንና አልጌውን ይቀልባል። አንዱ በሽታ ዳገት ላይ ገበሬውን ያስርባል፣ ቁልቁል ደግሞ ውኃውን ያጠግባል።

ውኃው ራሱ አሲዳማ ሲሆንስ? በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ጫካ ውስጥ፣ በቁጥር ብቻ የሚጠራ ሐይቅ አለ፤ ሐይቅ 223 ይሉታል። ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምረው አሲድ በጥቂት በጥቂቱ ጨመሩበት። የፋብሪካ ጢስ የሚያዘንበው አሲድ ምን እንደሚያደርስ ሊያዩ ነው። ትልቁ ዓሣ፣ ትራውት የሚሉት፣ በአሲዱ አልሞተም። የሞቱት የሚበላቸው ትናንሾቹ ናቸው! እሱ በረሃብ ከሳ፣ መራባቱንም አቆመ። ኋላ አሲዱን ሲቀንሱለት ሐይቁ ማገገም ጀመረ። ከሥሩ ጭቃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አሲዱን ሲያለዝቡለት ተገኙ። ትናንሾቹ ዓሦች እንደገና ረቡ፤ ከጠፉት ፍጥረታት ሁሉም ግን በራሱ አልተመለሰም። ስዊድንም ከጀልባና ከሄሊኮፕተር ኖራ እየበተነች ሐይቆቿን ታክማለች። ቢሆንም ጢሱ ካልቀነሰ ኖራው በየጊዜው መደገም አለበት።

በአሜሪካ የሲያትል ሰዎች ደግሞ ፍሳሻቸውን የዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ይለቁ ነበር። በ1963 እና በ1968 መካከል (በእነሱ አቆጣጠር) መስመሩን ከሐይቁ አዞሩት። በጋ ላይ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይታይበት የነበረው ውኃ በጥቂት ዓመታት ከሦስት ሜትር በላይ ጠራ። እንዲህ የፈጠነው ጥልቅ ስለሆነና ፍሳሹ ከጥቂት ቱቦ ስለሚመጣ ነው፤ ቱቦውን ዘጉ፣ ተገላገሉ። የጣና ቱቦ ግን የማይቆጠር ማሳ ነው። ለዚህ ነው አረም መንቀሉ ብቻውን አይበቃም የምለው፤ እርከኑ፣ ሣሩ፣ የወንዝ ዳር ዛፉ ሐይቁን የሚያክሙ መድኃኒቶች ናቸው።

ጣና ከኛ በላይ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ወንዞች፣ ሙጋና ሱሃ፣ የእኛን አፈር ይዘው ዓባይ ይገባሉ። ድሮ እስከ ሱዳን ይሄድ የነበረው አፈር አሁን የሚያርፍበት አለ፤ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ሐይቅ ፈጥሯል። የቢቸናና የሞጣ ማሳ ለዚያ አዲስ ሐይቅ ዳገቱ ሆኗል።

አሲዳማ ማሳችንንም የሚያክመው ኖራ ነው፤ ኖራውስ ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። የኖራ ድንጋዩ እዚያው ዓባይ በረሃ ገደሉ ውስጥ አለ። ተፈጭቶ ማሳ ላይ ሲበተን አሲዱን ይሰብራል፣ ማዳበሪያውም ለሰብሉ ይደርሳል። ከዘር ወር ወይም ሁለት ወር ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት፤ ስለዚህ ከግንቦት በፊት እርሻው ውስጥ ይግባ፣ እርከኑም ክረምቱ ሳይገባ ይጠገን።