ከመንኰራኵር ወደ ጎማ፦ የተሽከርካሪ አካል ስሞች በይፋት ጎዳና

ተማሪዎች ለውድድር የሚሠሩት ሮቦት የሚቆመው ሞተር፥ ማርሽና ጎማ በተሸከመ ታችኛ አካል ላይ ነው። ይህን አካል በአማርኛ ምን እንበለው? መልሱ ከመንገድ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጣሊያኖች ጣርማ በር ላይ ዋሻ ፈልፍለው በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ የሚወርደውን የደሴ መንገድ ሠሩ። በእንዲህ ያለው ቁልቁለት የነዳ ሾፌር ፍሬን፥ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የሚሉትን የጣሊያንኛ ቃላት ከመኪናው ጋር ተቀበለ። «ፍሬኖ» በጥንት ትርጉሙ የፈረስ ልጓም ነው፤ ልጓም የሚል ቃል እያለን የባዕዱን መውሰዳችን ያስገርማል። «ጎማ»ም በምንጩ የላስቲክ ስም ሲሆን በእኛ ዘንድ መላውን የመኪና እግር ወረሰ።

«አንኰርኰረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣው መንኰራኵር ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። በሕዝቅኤል ራእይ የምናውቀው ይህ ቃል የጠፈር መጓጓዣ መጠሪያ ሆኗል፤ ለሮቦት እግር ብንመልሰው ተማሪው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። (ሮቦት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1920 በታተመው የካሬል ቻፔክ ተውኔት የተዋወቀ የቼክ ቃል ነው፤ ከሮቢት ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው።)

ሻንሲ በመኪና ሊብሬ ላይ ሳይቀር የሚጻፍ የጸና ቃል ነው፤ ሆኖም ተሸካሚውን እንጂ አንቀሳቃሹን አያመለክትም። ስለሆነም «መንኰራኵራዊ መሠረት» ከሚለው ይልቅ «ተሽከርካሪ ሻንሲ» ቢባል እመርጣለሁ።