በፀሐይ የተሠራው በረዶ

ሙቀት በረዶ ይሠራል ቢባል ለብዙ ሰው ተረት ይመስለዋል። ለሙያ ጓደኞቻችን ነገሩ እንግዳ ባይሆንም፣ ፀሐይ በረዶ ከሠራች ከ140 ዓመታት በላይ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ካሬ በ1859 ፓተንት ያወጣበት መሣሪያ የተመሠረተው በአሞንያና በውሃ ጠባይ ላይ ነው። አሞንያ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በብዛት ይሟሟል፤ ውሃው ሲሞቅ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ጋዙ በከፍተኛ ግፊት ሥር ሲቀዘቅዝ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል፤ ግፊቱ ሲቀነስለት መልሶ ይተንና በዙሪያው ያለውን ሙቀት ይወስዳል፤ ተኑንም ውሃው እንደገና ይመጠዋል። እንግዲህ ዛሬ በየቤቱ ባለው ፍሪጅ ኮምፕረሰር የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው ሙቀት ሲሆን፣ ሙቀቱ ከማገዶም ከከሰልም ቢመጣ ለመሣሪያው ልዩነት የለውም።

ይህን የተጠቀመበት በቱር ከተማ የሒሳብ መምህር የነበረው ኦጉስታን ሙሾ ነው። (ስሙ በቋንቋችን የሚያስታውሰውን ነገር አንባቢ ይታገሠኝ፤ ፍጻሜውም ቢሆን ከስሙ ብዙ አልራቀም።) የድንጋይ ከሰል አንድ ቀን ያልቃል ብሎ ይሠጋ የነበረው ይህ ሰው፣ በ1878 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተገለበጠ ጃንጥላ የመሰለ ትልቅ መስተዋት አቆመ። በመካከሉ የቆመው ማፍያ በእንፋሎት ፓምፕ አንቀሳቀሰ፤ በሴፕቴምበር ወር ደግሞ ከካሬ መሣሪያ ጋር ተያይዞ በረዶ አወጣ። ሙሾም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ።

ከዚያ በኋላ መንግሥት መሣሪያውን የሚመረምሩ ሁለት ኮሚሲዮኖች አቋቋመ፤ አንደኛው በደቡብ ፈረንሳይ በሞንፔሊዬ፣ ሁለተኛው በአልጄሪያ በኮንስታንቲን ነበር። የሞንፔሊዬው ኮሚሲዮን መሣሪያው አያዋጣም አለ። ለፈረንሳይ ፍርዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ከእንግሊዝ ጋር በ1860 የተፈረመው የንግድ ውልና የባቡር ሐዲዱ መስፋፋት ከሰልን አርክሰውት ነበርና። ነገር ግን የከሰል ባቡር ለማይደርስበት አገር ይህ ስሌት ምን ይፈይዳል? ሙሾ በ1912 በድህነት ሞተ።

የካሬ አሳብ ግን አልሞተም። በ1922 ስዊድናውያኑ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ ፓምፕ የማያስፈልገው ማቀዝቀዣ ፈለሰፉ። በገጠር ጤና ጣቢያዎቻችን ክትባት ያቆይ የነበረው ባለላምባ ፍሪጅ የዚሁ ዘር ነው። ላምባው ሲያልቅ ወይም ክሩ ሲጨስ ክትባቱ ይበላሽ ነበር። ዛሬ ቦታውን እየወሰደ ያለው በእርግጥ የፀሐይ ፍሪጅ ነው፤ ነገር ግን የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ኮምፕረሰር የሚያዞር እንጂ የካሬ ዓይነት አይደለም። ለአነስተኛ ማቀዝቀዣ ይህ ይሻላል።

ለትልልቅ ሕንፃዎች ግን ነገሩ ገና አልተቋጨም። በሊትየም ብሮማይድና በውሃ የሚሠሩት ማቀዝቀዣዎች ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቅ ውሃ ይንቀሳቀሳሉ፤ ለገባው ሙቀትም 0.7 እጅ ያህል ቅዝቃዜ ይሰጣሉ። ይህን ሙቀት ያለ ሙሾ መስተዋት፣ ጣሪያ ላይ በሚዘረጋ የፀሐይ ማሞቂያ ማግኘት ይቻላል፤ ሕንፃው አብዝቶ ቅዝቃዜ የሚሻውም ፀሐይዋ በምትበረታበት ሰዓት ነው።